ጅራታሙ ኮከብ ፎቶ ቤታችን የገባ ዕለት

ሰላጣ ላይ አቼቶ ጠብ ባደረግሁ ቁጥር አሰላ የነበረችው ጨለማ ክፍላችን ትመጣብኛለች። ፎቶ ከምናጥብባቸው ሳህኖች አንዱ ውስጥ የምንጨምረው አቼቶ ነበር፤ ሽታው ከነጠላዬም ከልጄ ፀጉርም አይለቅም ነበር።

ያን ዕለት እዚያች ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ፎቶ አንሺው ባለቤቴ፣ ወዳጃችን የፊዚክስ አስተማሪው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የቀበሌው ዘበኛ ከነጠመንጃው፣ እኔ፣ ጀርባዬ ላይ ደግሞ ገና መዳህ ያልጀመረችው ልጄ። ክፍሏ ለሁለት ሰው እንኳ የምትጠብ ነበረች።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። ጎህ ሲቀድ በምሥራቅ በኩል አንድ ጅራታም ኮከብ መውጣት ጀመረ። ጅራቱ እንደተበተነ የነጭ ፈረስ ጭራ ሽቅብ ተዘርግቶ ይታያል። ገሚሱ ጦር ሊመጣ ነው ይላል፣ ገሚሱ ረሃብ ነው ይላል። እኔም ፈርቼ ልጄን ይዤ ወደ ውጭ አልወጣም ነበር። አስተማሪው ግን ሠርግ የተጠራ ሰው መሰለ። እሱና ባለቤቴ ሰማይ ማየት ይወዱ ነበር። ከዚያ በፊት ጨረቃን ለማንሳት ሞክረው ያረረ ቂጣ የመሰለ ነገር አግኝተው አንድ ሳምንት ሲሳሳቁ ከርመዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ካመለጠን የልጅ ልጆቻችንም አያዩት" አለው ባለቤቴን።

"ካሜራዬ ብርድ አይወድም" አለ ባለቤቴ። ግን ልቡ ሄዶ ነበር።

ከቤታችን ጓሮ ከፍ ያለች ሜዳ አለች። እዚያ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆሙት። ብቻዬን ቤት መቅረቱ ስላስጨነቀኝ ልጄን አዝዬ ተከተልኳቸው። የአሰላን የንጋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አስተማሪው በእጁ የካሜራውን ዓይን ከፍቶ በሹክሹክታ ይቆጥራል። ልጄ ስታስነጥስ ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"እሷም ኮከብ ቆጣሪ ልትሆን ነው" አለ አስተማሪው።

ፊልሙን ጨርሰን ባለቤቴ ካሜራውን ሲፈታ ዘበኛው ደረሰ። እዚያው አካባቢ የሚያርስ የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ እናውቀዋለን። እሱ ግን ያን ጊዜ እንዳላወቀን ሆነ። ከሜዳው ማዶ የመንግሥት መጋዘን አለ። ካሜራው ዞሮ የቆመው ወደዚያ ነበር፤ ኮከቡም የወጣው በዚያው አቅጣጫ ነው። ያን ያሰበ አልነበረም። ዘበኛው ሁላችንንም ከነካሜራው ቀበሌ፣ ሊቀመንበሩ ዘንድ ወሰደን።

ሊቀመንበሩ ቁጡ አልነበረም፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

"ካሜራው እዚህ ይቆያል" አለ። "ፊልሙን እጠብና ያነሳኸውን አምጣልኝ። ኮከብ ከሆነ ትወስዳለህ። መጋዘን ከሆነ ግን ሌላ ቦታ እንነጋገራለን።"

ያለን ካሜራ እሱ ብቻ ነው። እንጀራችን እሱ ነው። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ "ሌላ ቦታ" የተባለ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ባለቤቴ ፊልሙን ሲያጥብ እኔ በር ላይ ቆሜ እጸልያለሁ፤ ዘበኛው ደረጃችን ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ፊልሙ ደርቆ ብርሃን ላይ ሲታይ ኮከቡ ነበር። ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር ስለሚሆን ጥቁር ሆኖ፣ ከነጅራቱ። ተመስገን አልኩ።

አስተማሪው ክፍል ስለነበረው ሄደ። ባለቤቴ አንድ ፎቶ አትሞ፣ እኔ አጥቤ፣ ስናደርቀው አየውና ፊቱን አኮማተረ። ፎቶው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። ሥራውን ለማያውቅ ልንገር፤ ፊልም ላይ አቧራ ካረፈ ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ባለቤቴ ሙሽራም ይሁን ሽማግሌ፣ ፎቶውን በቀጭን ብሩሽ ቀለም እየነካ እያንዳንዷን ነጭ ነጥብ ሳያጠፋ አያስረክብም። ስሙ በከተማው የታወቀው በዚህ ነበር። ተቀመጠና ያን ፎቶ ልክ እንደ ሙሽራ ፎቶ አጠራው። ሰማዩ እንደ ከሰል ጥቁር ሆነ። ጅራታሙ ብቻውን ቀረ። እኔም አይቼ፣ እንዴት አማረ አልኩ።

ቀበሌ ይዘን ሄድን። ሊቀመንበሩ ፎቶውን ወደ መስኮት አስጠጋ፣ አራቀ።

"ይሄ መጥረጊያ ነው" አለ።

"ኮከቡ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እኔም ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ እኮ። ሰማዩ በኮከብ የተሞላ ነው። የታሉ? ሥለህ ነው ያመጣህልኝ?"

አስተማሪውን አስጠሩት። ጠመኔ በእጁ ላይ እንዳለ መጣ። ፎቶውን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

"ጋሼ፣ ኮከቦቹን ምን አደረግሃቸው?"

"የምን ኮከብ? እኔ ያጠፋሁት አቧራ ነው።"

"አጠፋሁ አለ" አለ ሊቀመንበሩ። "ምን ለመደበቅ ነው ያጠፋኸው?"

"አቧራውን ነው" አለ ባለቤቴ። ደም ከፊቱ ሲሸሽ አየሁት። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ በሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ባለሥልጣን ፊት ደግሞ ጭራሽ። ግን አፌ ቀደመኝ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊልሙ አልተነካም፣ ቤት አለ። ራስዎ መጥተው ቆመው ይዩ። እርስዎ እያዩ ይታተም።"

እንዲያ ነው ስድስታችን እዚያች ክፍል የታጨቅነው። ቀይዋ መብራት በራች። ባለቤቴ ፊልሙን ወረቀት ላይ የሚያጎላውን መብራት አብርቶ አጠፋና ነጩን ወረቀት ሳህኑ ውስጥ አስተኛው። ሳህኑን የማወዛውዘው እኔ ነበርኩ። ልጄ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሞቀኛል። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ወረቀቱ ከዳር ዳር መጥቆር ጀመረ። በመሃሉ ጅራቱ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ዙሪያው ሲጠቁር ትንንሾቹ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ከታች ደግሞ የመጋዘኑ ጣሪያ ሳይሆን የጎረቤታችን የባሕር ዛፍ ጫፍ ነበር።

ዘበኛው ነው መጀመሪያ የተናገረው። "ዱጋ ዳ" አለ በኦሮምኛ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። "እኔ ያየሁት ይሄው ነው።"

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አመለከተ። "ይቺ አቧራ ናት?"

"ኮከብ ናት" አለ አስተማሪው።

"ይቺስ?"

"እሷም ኮከብ ናት።"

"ይቺኛዋስ?"

አስተማሪው ትንሽ አሰበ። "እሷ አቧራ ናት።"

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ያ ሰው ሲስቅ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። ልጄ ነቅታ አለቀሰች፤ ደስታዋ መሰለኝ። ካሜራውን ያመጣልን ያው ዘበኛ ነው፣ በጋቢው ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ። ሊቀመንበሩ ለራሱ አንድ ፎቶ ጠየቀ። "እንዳትነካካው፣ አቧራዋም ትቅር" ብሎ አዘዘ።

ትልቅ አድርገን አትመን መስኮታችን ላይ ለጠፍነው። ከሳጉሬ ከተማ የሚመጣ ገበያተኛ ሳይቀር ጋሪ እያስቆመ ያየው ነበር። ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ይቆማል፤ "ይሄን እኔ አላሳመርኩትም" ይላል፣ ትልቅ ሙያ እንደሆነ ሁሉ። እኔም ልጄን ይዤ ጎህ ሲቀድ እወጣ ጀመር፤ ኮከቡ ደብዝዞ እስኪጠፋ ድረስ ፍርሃቱ አልተመለሰብኝም። ዛሬ ያቺ ልጅ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በስልኳ ጨረቃን አንስታ ስታሳየኝ፣ አባቷ በሕይወት ቢኖር ምን ይል ነበር እላለሁ።

አስተማሪው በዓመቱ ወደ ሮቤ ተዛወረ። ሲሄድ ፊልሙን ባለቤቴ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው፤ "አንተ ዘንድ ይሻላል፣ እኔ እንደገና ላጠራው እችላለሁ" ብሎ። መጀመሪያ መጀመሪያ በመንገደኛ ሰላምታ ይልክልን ነበር። ከዚያ ጊዜው ከፋ፤ ሰላምታውም ቀረ። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ከሮቤ የመጣ ሰው ሲያገኝ ይጠይቅ ነበር።

አጠር ያለ፣ በግራ እጁ የሚጽፍ፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። በሕይወት ካለ አሁን አርጅቷል። ያያችሁት ወይም የት እንዳለ የሰማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።