ኢቃማዬ ብቻውን ጅዳ የሄደበት ጊዜ

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ተመልሼ ማንጎው ጥላ ሥር ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ከደሴ ነው፤ የጓደኛዬ የእንድሪስ ልጅ ሐያት ናት። ነርስ ሆናለች። ኦስትሪያ ያለ አንድ ሆስፒታል ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ጋብዟታል፣ ቪዛውን ግን ራስሽ አውጪ ብሏታል።

«አጎቴ ሰይድ፣ ደህና ነህ? አባቴ ‹ቪየናን የሚያውቀው ሰይድ ነው፣ እሱን ጠይቂ› አለኝ። ፎርሙን ሳየው ራሴን አዞረኝ። ምን ምን ልያዝ? ምን ብዬ ልመልስ? በአላህ ንገረኝ።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ቪየናን አውቃለሁ የሚያሰኝ ነገር የለኝም። የቆየሁት አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ክንድ ይዤ በሆስፒታል ኮሪደር ስመላለስ። ወደዚያ የሚያስገባውን የወረቀት መንገድ ግን አውቀዋለሁ። እንድሪስም ያውቀዋል፣ ለልጁ አልነገራትም እንጂ።

ለሐያት ቀላል ቀላሉን ወዲያው መለስኩላት። ፓስፖርትሽ ከተመለስሽ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ፎቶው አዲስ ይሁን፣ ጀርባው ነጭ፤ ሻሽሽን ማውለቅ የለብሽም፣ ፊትሽ ግን ከግንባርሽ እስከ አገጭሽ በደንብ ይታይ። የጉዞ መድን ግዢ፤ ሠላሳ ሺህ ዩሮ የሚሸፍን ካልሆነ አይቀበሉሽም። ቲኬቱን ግን ቪዛው ሳይወጣ አትግዢ፣ ቦታ ብቻ አስይዢ። ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ እንደሰጡሽና ሥራሽ እንደሚጠብቅሽ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልጉት ትመለሺ እንደሆነ ነው። ቀጠሮም ቶሎ ያዢ፤ በእነሱ በጋ፣ ማለት በእኛ ክረምት፣ ወረፋው አይጣል ነው።

እዚህ ስደርስ ጣቴ ከስልኩ ላይ ተነሣ። ቀጥሎ መናገር የነበረብኝ ስለ ኦርጅናል ወረቀት ነው፤ ስለ እሱ ደግሞ እንድሪስን ሳላነሳ መናገር አልችልም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ አል-ዓሪዳ፣ ከየመን ድንበር ብዙም በማይርቁት ኮረብቶች ላይ፣ በአንድ ሽማግሌ እርሻ ፍየል እጠብቅና ማሽላ አጭድ ነበር። ዐሚ ሳሌሕ እንላቸዋለን፤ ዐሚ በዚህ አገር አጎቴ እንደማለት ነው። እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች እኔም የመጣሁት በጀልባና በእግር ነው። በኋላ መንግሥት ምሕረት ሲያደርግ ዐሚ ሳሌሕ ከፊሌ፣ ማለት አሠሪና ተጠሪዬ፣ ሆነው የመኖሪያ ፈቃድ አወጡልኝ። ኢቃማ የሚባለው ካርድ እሱ ነው። እንድሪስ የመጣው ምሕረቱ ካለቀ በኋላ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ እናድራለን፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ ልዩነታችን ያቺ ካርድ ብቻ ነበረች። ፖሊስ መጣ ሲባል እሱ ወደ ገደሉ ይወርዳል፣ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።

ዐሚ ሳሌሕ ቁጡ ነበሩ፣ ጧት የተቆጡበትን ግን ለምሳ አያስታውሱትም። አንድ ዐይናቸው ከድሮ ጀምሮ የጠፋ ነው፤ ሁለተኛው ያን ዓመት ይደበዝዝ ጀመር። በመጨረሻ ፍየሎቹን የሚለዩት በድምፃቸው ሆነ። የጅዳው ሐኪም ቪየና ያለ አንድ ባለሙያ ዘንድ አስመዘገባቸውና ከረመዳን በፊት ካልተሠራ ብርሃኑ እንደማይመለስ ነገራቸው። ልጃቸው መንሱር አስተማሪ ነው፤ የፈተና ወቅት ስለነበር አብሯቸው መሄድ አልቻለም። ሽማግሌው ደግሞ መንገድ የሚሄዱት የእኔን ክንድ ይዘው ነበር፤ ሌላ ሰው ሲይዛቸው የሚወድቁ ይመስላቸዋል።

«ሰይድ ካልሄደ አልሄድም። ኸላስ፣ አለቀ! ጨለማውን እለምደዋለሁ» አሉ።

እንግዲህ እኔ ቪዛ ካገኘሁ የአንድ ሰው ዐይን ይበራል፣ ካላገኘሁ ይጠፋል። ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠ የፍየል እረኛ ይህ ከባድ ነገር ነው።

ምክር ፍለጋ እትዬ ዓለም ዘንድ ደወልኩ። ጂዛን ከተማ በአንድ ሀብታም ቤት የምትሠራ የአገር ልጅ ነበረች። ፓስፖርቷ ዘይነብ ይላታል፣ በልብሷ ሥር ግን ማተብ አላት። ቤተሰቡ በየዓመቱ ሙቀቱን ሽሽት አውሮፓ ሲሄድ ልጆቹን እንድትይዝ ይዟት ስለሚሄድ ቪዛ ያላወጣችበት ዓመት የለም፤ በእኛ መካከል እንደ አምባሳደር ነበረች።

«ስማኝ ሰይድ» አለችኝ። «ቪዛው ቢሮ ስትገባ ኬላ ላይ እንዳለህ አትሁን። ኬላ ላይ ዝም ያለ ያልፋል። እነዚህ ግን የደበቅከው ነገር ያለ ከመሰላቸው አለቀልህ። የጠየቁህን ብቻ፣ እውነቱን፣ አጠር አድርገህ መልስ። ኢቃማህ ከተመለስክም በኋላ ሦስት ወር የሚቆይ ይሁን። ወጥቶ መመለሻውን ፈቃድ ከፊልህ ቀድሞ ያውጣልህ። ሳምንቱን ሙሉ ጣትህን ቫዝሊን ተቀባ፤ የማሽላ አጫጅ አሻራ ለማሽን አይነበብም። ደግሞ ሁሉንም ወረቀት ኮፒውንም ኦርጅናሉንም ያዝ። ኦርጅናሉን! ሰማኸኝ?»

ሰምቻታለሁ። ቫዝሊኑንም ተቀብቻለሁ፤ እንድሪስ «ሙሽራ መሰልክ እኮ» እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

በአካባቢው ያሉት የአገሬ ልጆች ምክር ሌላ ነበር። ቪየና ከገባህ ሽማግሌውን ሆስፒታል አስቀምጥና ጥፋ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም ይሉኛል። እንድሪስ ብቻ እንዲህ አላለኝም። አጥብቄ ስጠይቀው «ዐይናቸው ሲገለጥ መጀመሪያ የሚፈልጉት አንተን ነው። የቀረውን አንተው አስበው» አለኝ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን መንሱር አባቱንና እኔን በመኪናው ይዞ ወደ ጅዳ ተነሣ። የአቧራ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ነበር፤ እስከ ደርብ ከተማ ድረስ ሰማዩም መንገዱም አንድ ዓይነት ቡናማ ነበሩ። ደርብ ላይ ነዳጅ ቀድተን ዓሣ በሩዝ በላን። እሾሁን እየለቀምኩ አጎረስኳቸው፤ ጣቴ ቫዝሊን ቫዝሊን ይሸታል ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲያ አቧራው ሲገለጥ ያየሁትን እነግራቸው ነበር፤ ባሕሩ በግራ ነው፣ ግመሎች መንገድ እያቋረጡ ነው፣ ወንዶች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። «የግመሎቹ ቀለም?» ይሉኛል። ሌላ ነገር ሳይሆን ይህን ነበር የሚጠይቁት።

በማግሥቱ ጧት የቪዛ ማመልከቻ ቦታው ላይ ተራዬ ደረሰ። መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አየች፤ ዐሚ ሳሌሕ ዘንድ የሚቀመጠው ፓስፖርቴ፣ ፎቶው፣ መድኑ፣ የሆስፒታሉ ደብዳቤ፣ የዐሚ ሳሌሕ ፊርማ ያለበት የሥራ ማስረጃ፣ ሁሉም ደህና ነው።

«ኦርጅናል ኢቃማ?» አለችኝ።

ኢቃማዬ አል-ዓሪዳ ነበር። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከፍየሎቹ በረት ሥር ተቀብሮ።

ይህን ስሕተት ሌላ ሰው አይሠራውም። እኛ በረሃ አቋርጠን የመጣነው ግን ውድ ነገር ይዞ መንገድ መውጣትን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የምንተወው። መንገድ ላይ ደላላው ይበረብርሃል፣ ሽፍታው ይገፍፍሃል፣ ወታደሩ ወረቀትህን ይቀማሃል። ስለዚህ ኮፒው ኪስ ውስጥ፣ ኦርጅናሉ መሬት ውስጥ ነው። እትዬ ዓለም የነገረችኝን ጆሮዬ ሰምቷል፣ እጄ ግን የለመደውን አደረገ። እንዲያውም ልንነሣ ስንል ካርዱን አውጥቼ አየሁትና መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ ከበፊቱ አጥልቄ ቀበርኩት።

«እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ካመጣኸው እቀበልሃለሁ» አለች ልጅቷ፣ ደግ ነበረች። «ከዚያ ካለፈ የሚገኘው ቀጠሮ ከረመዳን በኋላ ነው።»

መንሱር ራሱን ያዘ። ዐሚ ሳሌሕ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ምን ተባለ?» ሲሉ እኔው ነገርኳቸው። ሲገባቸው አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ ነበር።

መንሱር ስልኩን ይዞ ሲደውል ከእርሻችን በታች ካለችው ከተማ፣ ከሳምጣ፣ ቲማቲም ጭኖ ከሰዓት በኋላ ወደ ጅዳ የሚነሣ ዘመድ አገኘ። ሰውየው ግን በዚያ ኮረኮንች ኮረብታው ድረስ አልወጣም አለ። ካርዱን ሳምጣ ድረስ የሚያወርድለት ሰው ያስፈልጋል፤ በመካከሉ ደግሞ ኬላ አለ። እርሻው ላይ ያለው ሰው እንድሪስ ብቻ ነው።

ደወልኩለት። ነገሩን ነግሬው ስጨርስ «ሌላ ሰው የለም ወይ?» አልኩት፣ ራሴን ለማጽናናት።

«ማን አለ? ፍየሎቹን ልልክልህ?» አለና ሳቀ። «አብሽር፣ አደርሰዋለሁ።» ስልኩን ዘጋው።

በማግሥቱ ከዙህር ሶላት በፊት የቲማቲሙ መኪና ጅዳ ገባ። ሾፌሩ ቆርቆሮውን ከነአፈሩ ሰጠኝ። ልጅቷ ካርዱን ተቀበለች፤ ማሽኑም በሦስተኛው ሙከራ ጣቶቼን አነበባቸው። ዐሚ ሳሌሕ እጄን ጨብጠው አልለቀቁኝም። ለእንድሪስ ልንገረው ብዬ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር።

ሲመለስ ኬላው ላይ ይዘውታል።

ከሁለት ቀን በኋላ መንሱር ጂዛን ወዳለው ማቆያ ወሰደኝ። ግቢው በእኛ ሰዎች የተሞላ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ትግሬውም ኦሮሞውም፣ ሁሉም ወደ አገሩ የሚሳፈርበትን ቀን ይጠብቃል። እንድሪስ ከሽቦው ማዶ ቆሞ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ተቀበሉህ?» ብሎ ነው። አዎ ስለው «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔ ማልቀስ ስጀምር አቋረጠኝ። «ልብስ አታምጣልኝ፣ ተምር አምጣ። ብዙ ነን።» ዐሚ ሳሌሕ መንሱርን ልከው ለመኑለት። አሻራው ተወስዷል፣ ኸላስ ተባሉ። በዚያው ወር ወደ አገሩ መለሱት፤ የእኔም ቪዛ በዚያው ወር ወጣ።

ስለ ቪየና ብዙ አላወራም። ዛፎቹ፣ ጧት ጧት ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ሽታ፣ በሰኔ የሚያንቀጠቅጥ ዝናብ። ፋሻው ሲፈታ ዐሚ ሳሌሕ ለረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆዩና «ከስተሃል» አሉኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስለ እንድሪስ ነው፣ አውቃለሁ» አሉ። የመጥፋት ሐሳብ አልመጣብኝም ብል እዋሻለሁ። አንድ ጧት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ኬላ የለም፣ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ግን እንድሪስ ያቺን ካርድ ያሻገራት ሽማግሌውን ጥዬ እንድጠፋ አልነበረም። ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ። ዐሚ ሳሌሕ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት እያዩ ኖሩ፤ ሲሞቱ መንሱር እርሻውን በእኔ እጅ ተወው።

ባለፈው ዓርብ ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። መልእክቱ ረዘመ፤ ኦርጅናሉን ያዢ ለማለት ይህን ያህል መናገር ነበረብኝ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ፤ እንድሪስ ራሱ ነው። በየዒዱ እንደዋወላለን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዋጋ እናወራለን። ያን ቀን አንስተነው ግን አናውቅም። እኔ አፍራለሁ፤ እሱ የሚቀየመኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የቪየናውን ጧት፣ የሽማግሌውን ስድስት ዓመት፣ ዛሬ የምበላውን እንጀራ ሁሉ የማመሰግነው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ሳልነግረው ብሞት ወንጀል ነው።

«እንድሪስ፣ አመሰግንሃለሁ» አልኩት። «በእኔ ምክንያት ነው የተያዝከው።»

ከዚያ ሲስቅ ሰማሁት።

«አንተ ሰይዶ፣ የማታውቀው ነገር አለ» አለኝ። «ወደ ሳምጣ ስወርድ ኬላው ላይ ወታደሩ አስቆመኝ። ያንተን ኢቃማ አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ከሩቅ አየና ‹ያላ፣ እለፍ› አለኝ። በዚያ አገር ሦስት ዓመት ስኖር ሳልደበቅ፣ በቀን፣ በዋናው መንገድ ያለፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወላሂ፣ የሰው ወረቀት ቢሆንም ደስ ይል ነበር።»

የሐያት ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። የራሷን ወረቀት ይዛ ትገባለች።