በአሰብ ቀትር «በረደኝ» ያለችው ልጄ

አሰብ ላይ በቀትር «በረደኝ» ያለ ሰው ወባ ይዞታል ማለት ነው። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው።

የአራት ዓመቷ ልጄ ሰላም፣ ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላ ጭንቅ ይዞኝ ነበር። መርከበኛው ጎረቤታችን ዓይን ላይ ተደርጎ የሚታይ የሥዕል ሳጥን ሰጣት። ሰው ሲያይበት ሥዕሉ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። አንድ ቀን ቀትር ላይ እሱን እያየች «እማዬ፣ በረደኝ!» ብላ ተንቀጠቀጠች። ከነሳጥኗ አቅፌያት ክሊኒክ ሮጥኩ።

ድሬሰሩ ጋሽ ተሰማ ለኳትና፣ «ትኩሳት የላትም። የት ነው የበረደሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አሏት።

«እዚህ ውስጥ» ብላ ሳጥኑን ሰጠቻቸው። ሥዕሉ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ ነው። አዩት፤ አሁንም አዩት።

«ጋሼ፣ ኧረ ልጄን ይዩልኝ!»

«እማዬ፣ ራበኝ፤ ትኩስ ሾርባ ስጪኝ» አለች ሰላም። ስንት ቀን የለመንኳት ልጅ!

«ብርዱ የውሸት ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ሳጥኑን ከዓይናቸው ሳያነሱ። «ረሃቡ ግን የእውነት ነው። ቶሎ የምትበላው ስጫት።»

«ሳጥኑስ?»

ጋሽ ተሰማ በዚያ ሙቀት የነጭ ጋዋናቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆለፉ።