የሾፌሩ ልጅ ጥያቄ

ከአዋሽ ተዛውሬ ሰመራ ሥነ ዜጋ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ የእኛንና የጅቡቲን ሕገ መንግሥት ጎን ለጎን አድርጌ ማስተማር ደስ ይለኝ ነበር። የብዙ ተማሪዎቼ አባቶች ኑሯቸው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ ድንበሩን ያውቁታል።

የዚያን ቀን ርዕሳችን የታሰረ ሰው መብት ነበር። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ የእኛን ጻፍኩ፦ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በቀኝ የእነሱን፦ የታሰረ ሰው በመረጠው ሐኪም የመታየት መብት አለው። «የቱ ይሻላል?» ስል ክፍሉ ተንጫጫ።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እናቷ ከወሎ መጥታ እዚሁ አጠገባችን ሎጊያ ከተማ ሻይ ቤት ከፍታለች።

«ቲቸር፣ ፍርድ ቤትም ካልቀረበ፣ ሐኪምም ካላየውስ?»

ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሲደወል አስቀረኋት። አባቷን ከጅቡቲ ሲመለስ መንገድ ላይ ካለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ አስቁመው ወስደውታል። ወሬውን ያመጣው ረዳቱ ነው፤ ምክንያቱን እሱም አያውቅም። ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ዱዓ ስታደርግ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጣቢያው በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ፖሊስ ቀና ብሎ አየን።

«አንተ ምኗ ነህ?»

«የልጇ አስተማሪ ነኝ።»

«ምን ታስተምራለህ?»

«ሥነ ዜጋ።»

ፈገግ አለ። «እንደሱ ያለ ሰው እዚህ የለም» አለን። የሰውየውን ስም ገና አልነገርነውም ነበር።

እናቲቱ ክንዴን ጨመቀችው። ከግቢው ጥግ የባሏ መኪና ሸራው ተገፎ ቆሟል። ሁለታችንም አየነው፤ አይተንም ወደ ሚኒባሱ ተመለስን።

ከቀናት በኋላ ሰውየው በእግሩ ሎጊያ ገባ። ልጠይቀው ስሄድ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አገኘሁት።

«በምን ከሰሱህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ወጥቻለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ልጄን መጠየቅ አታስለምድብኝ።»

ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሰኞ ክፍል መጣች፤ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

እኔም ቀጣዩን ርዕስ ጻፍኩ፦ ሐሳብን የመግለጽ መብት፣ የእኛ በግራ፣ የእነሱ በቀኝ። ጥያቄ ያለው ካለ አልኩ። ማንም እጁን አላወጣም። ዞር ስል አንድ የማላውቀው ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳይቸኩል ሰሌዳውን ያነባል።