የዘርፈሽዋል ልደትና የመርከቡ ፍሪዘር

ዘርፈሽዋል የማቀዝቀዣ መካኒክ ናት። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ፣ ኦሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ያለ የምርምር መጋዘን ከተቀጠረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጋዘኑ ከአንታርክቲካ ባሕር የሚመጣ በረዶና ውሃ ያስቀምጣል፤ ተመራማሪዎቹ እዚያ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን እፅዋትና እነሱን የሚበላውን ክሪል የሚባል ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረት ያጠናሉ።

አምና አንድ ሳጥን ሲከፈት ናሙናው ያለባቸውን ከረጢቶች እርስ በርስ ተጣብቀው አገኘቻቸው። መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና በርዷል ብትል የሚሰማት ጠፋ። ላብራቶሪው ሲያጣራ ግን ልክ ሆነች። ናሙናውን የሚያመጣው መርከብ ላይ ያሉት ሰዎች የፍሪዘሩ በር ላስቲክ ላይ የሚጋገረውን በረዶ ሳይጠርጉ ስለሚዘጉት ሙቀት ሲገባ ከርሟል። የሁለት ወር የባሕር ሥራ ገደል ገባ። ስለዚህ ዘንድሮ አለቃዋ ኬቨን፣ ከመርከቡ ጋር የምትሄጂው አንቺ ነሽ አላት። ዘጠኝ ዓመት ሌላው ያበላሸውን ስትቀበል ለኖረች ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የቀራት የጤና ወረቀት ብቻ ነው። ክንዷ ላይ የተወጋችው የቲቢ ምርመራ አበጠ። ልጅ ሆና ክትባቱን ለወሰደች ሰው ብርቅ አይደለም፤ ደግሞም ከስደተኞች ካምፕ እንደመጣች የመከላከያ ኪኒኑን ዘጠኝ ወር ሙሉ ውጣለች። የጉዞው ጤና ቢሮ ግን መውሰድሽን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ አላት። ኪኒኑን የሰጣት ክሊኒክ ፋይሉን አላጣውም፤ ግን የተወለደችበት ቀን ጃንዋሪ አንድ ይላል። ካምፕ ውስጥ ቀኑን ለማያውቅም ለሚያውቅም እንዲያ ነበር የሚጻፍለት። እሷ ዜግነት ስታገኝ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ አስተካክላዋለች። አሁን የክሊኒኩ ጸሐፊ፣ ይቺ ሌላ ሴት ናት አለቻት።

ባሏ ጳውሎስ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሳቀ።

«ዝም ብለሽ እንደኛ ጃንዋሪ አንድ ብትወለጂ ምን ነበረበት?»

«እኔ የተወለድኩት ጥቅምት አሥራ ሁለት ነው።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ፎርሙ ጠየቀኝ።»

በማግስቱ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዛ ክሊኒኩ መስኮት ፊት ቆመች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ፣ አለቃ መፈረም አለበት፣ አሥር የሥራ ቀን ይፈጃል አለች። የጤናው ቢሮ ቀነ ገደብ ዓርብ እኩለ ቀን ነው፤ በረራው ሰኞ። ዘርፈሽዋል ሦስት ቢሮ ደወለች፤ ሦስቱም በጨዋ አነጋገር እርስ በርስ አቀባበሏት። በመዳብ ቱቦና በጋዝ ብቻ ተከብባ ብትውል ይሻላት ነበር፤ ቱቦ ሲተነፍስ የት ጋ እንደሆነ ይታወቃል።

ዓርብ እኩለ ቀን አለፈ። ኬቨን አዝናለሁ ብሎ ብሬትን እንደሚልክ ነገራት። ብሬት ጎበዝ ልጅ ነው፤ የቢሮ ኤር ኮንዲሽነር ሲጠግን የኖረ፣ መርከብም የባሕር በረዶም የማያውቅ። ከሰዓት በኋላ አንቺ አሰልጥኚው ተባለች።

«ሲመለስ የሚመጣውንም ጉድ እኔ ነኝ የምከፍተው» አለችው ኬቨንን።

ለክሊኒኩ ያስገባችውን የማስተካከያ ጥያቄ ግን አልሰረዘችም። ኬቨን ጉዞሽ ቀርቷል እኮ ሲላት፣ ለሚመጣው ዓመት ይሆናል አለችው።

ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ ብሬትን ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ አስገባችው። እስክሪብቶ አወጣ፤ ብርዱ ቀለሙን አደረቀበት። እርሳስ ሰጠችውና ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች አስጠረገችው፤ በሩንም አስዘጋችው።

«ገብቶኛል» አላት።

ጣቷን በበሩ ጠርዝ ላይ አስኬደች። ታችኛው ማዕዘን ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል በረዶ ቀርታለች።

«አልገባህም» አለችው። «ክፈተው። እንደገና።»