መርዶ መስሎኝ የጮህኩበት ማለዳ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ካልተናገርኩ አላርፍም ብዬ ነው ዛሬ ፓስተርን ማይክ የለመንኩት። አጭር ነው፤ ማለቴ፣ ለማሳጠር እሞክራለሁ።

እኔ ሰው የማምን ሴት አልነበርኩም። እዚህ አሜሪካ፣ ሌዊስቪል ስመጣ እህት ሰናይት፣ ያቻትላችሁ፣ አፓርትመንቷ ውስጥ አስጠጋችኝ። የነርስ ረዳትነት ትምህርት ስጀምር ደግሞ በየቀኑ በመኪናዋ ታደርሰኛለች። እኔ ግን በሆዴ «ይቺ ጴንጤ በባዶ ሜዳ አይደለም የምትረዳኝ፤ የሆነ ነገር ፈልጋለች» እላለሁ። እሁድ እዚህ ይዛኝ ስትመጣ እናንተ ጥግ ይዛችሁ ታንሾካሹካላችሁ። እኔ ስጠጋ ዝም። ታዲያ ስለ እኔ ካልሆነ ስለ ማን ነው?

በዚህ መሀል አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስልክ ማንሳት አቆመች። ወንድሜን ኮል ሳደርገው «ተኝታለች» ይለኛል። በማግስቱም «ተኝታለች»። እናቴ ከመቼ ወዲህ ነው እንቅልፋም የሆነችው? ሰናይትን ብጠይቃት ዓይኗን ሰበር አድርጋ «ምሳ በላሽ?» አለችኝ። ያኔ የደበቁኝ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ሥራ የምጀምርበት ቀን ደረሰ። ቤድፎርድ ያለ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የጠዋት ሺፍት። ገና ሳይነጋ የሥራ ልብሴን ለብሼ በሩን ስከፍት ግማሾቻችሁ ደጃፌ ላይ ቆማችኋል። እህቶች ነጠላ ለብሳችኋል። ወገኖቼ፣ ሐበሻ ሳይነጋ ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን ይባላል? መርዶ ነዋ። «እናቴን!» ብዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ጎረቤት ፈረንጆች በራቸውን ከፍተው ወጡ።

ሰናይት «ኧረ አልሞተችም፣ ለሥራሽ ሊጸልዩልሽ ነው የመጡት» ትላለች። ማን ይመናት። ወንድሜ ጋ በቪዲዮ ደውላ እናቴን አሳየችኝ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት፣ ከስታለች። «ይሄ የድሮ ቪዲዮ ነው» አልኩ። ከዛ በሽተኛ ራሱን ማወቁን ለማየት ጠይቁ ብለው እንዳስተማሩን፣ እያለቀስኩ «ስምሽ ማነው? የት ነው ያለሽው? ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የወለድኩሽ ነኝ» አለች በደከመ ድምፅ። «ቀኑን እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን ሥራ የምትጀምሪበት ነው። ተነሺና ሂጂ።»

የእናቴ አፍ ነው። ጌታ ይባረክ።

ለካ ከባድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። ሐኪሙ ለወንድሜ «እኛ የምንችለውን አድርገናል፤ የቀረውን ጸልዩ» ብሎታል። ትምህርቴን ጥዬ እንዳልሄድ ብለው እነ ወንድሜ ከሰናይት ጋር ተስማምተው ደበቁኝ። ሶ፣ መጠርጠሬ ልክ ነበር፤ በዚህ እስካሁን ቅር ይለኛል። ግን ያ ሹክሹክታ፣ ወገኖች፣ ለእናቴ ነበር። አይታችኋት የማታውቋትን ሴት ስሟን እየጠራችሁ ስትጸልዩላት ነበር። ይሄን ስሰማ፣ ከወደቅኩበት ሳልነሳ «ጌታን መቀበል እፈልጋለሁ፣ ጸልዩልኝ» አልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ዓይኔ እንዳበጠ ሥራ ገባሁ። መጀመሪያ የተሰጡኝ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው «ማን ላከሽ? ከኔ ምን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። እኔን ራሴን አየሁ። ቦርሳውን አልነካሁባቸውም፤ እንዳቀፉት እግራቸውን አጠብኩላቸው። አሁን እኔ ካልመጣሁ ከአልጋ አይነሱም። ቦርሳውን ግን ዛሬም አልለቀቁትም።

እናቴ ድና ገበያ ወጥታ ትገባለች። ጌታ ይመስገን፣ አሁንም ይመስገን።

እዚህ ተቀምጣችሁ «እነዚህ ሰዎች ከኔ ምን ፈልገው ነው?» የምትሉ ካላችሁ አውቃችኋለሁ። እኔም እዛ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር የምቀመጠው። ጌታን እመኑት። ቦርሳችሁን እንዳቀፋችሁ ኑ፤ እሱ እንደዛም ሆናችሁ እግራችሁን ያጥባችኋል።