በአሮጌው ኮምፒውተር ያነበብነው የቃላት ፋይል

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቆቦ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ትንሽ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነበረችኝ። ያለችኝ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች፤ ሃርድ ዲስኳ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከሮቢት እስከ ጎብዬ እየዞሩ ከራያ ሽማግሌዎች የአገሩን ቃላት ከነትርጉማቸው ይሰበስቡ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ላይ እየደረብኩ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን ፋይሉ አልከፈት አለ። ዲስኩ አጓርቶ አጓርቶ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። በፍሎፒ እንዳላወጣው አንድ ፍሎፒ አይችለውም። ጠጋኙ አይቶ፣ "ፋይሉ ከሜሞሪው በልጦ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ፈልጊ" አለኝ። ሌላ ከየት ይመጣል?

ለመምህሩ ስነግራቸው ከዘራቸውን ተደገፉ።

"ጠፋ ማለት ነው?"

"አልጠፋም ጋሼ። ኮምፒውተሩ በአንዴ ልዋጠው ብሎ ነው የታነቀው።"

"እንግዲያ ቆርሰሽ አጉርሽዋ! አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ።"

የኮምፒውተር ኮርስ ላይ የቀመስኳትን ፕሮግራም አጻጻፍ አስታውሼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ፊደል በፊደል እንዲያነብ አዘዝኩት። ከሰዓቱን ሙሉ ቢያጓራም ገና መግቢያው ላይ ነበር። ለካ ጊዜውን የሚበላው ለአንዲት ፊደል ዲስኩ ድረስ መመላለሱ ነው፤ ሽንኩርት አንድ አንድ ራስ እየገዙ ጎብዬ ገበያ እንደመመላለስ። እልህ ያዘኝ። ሜሞሪው የሚችለውን ያህል ደህና ቁራጭ በአንዴ አንስቶ፣ በትንሽ ፋይል አስቀምጦ፣ የያዘውን ለቆ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ አደረግኩ። መብራት እየጠፋ ሥራዬን ቢያቋርጥብኝም ካቆምኩበት እቀጥላለሁ እንጂ አልተውኩትም።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ከፍቼ ሳነብላቸው መጨረሻው ላይ ግማሽ ቃል ገጠመኝ።

"ኧረ! ቃሌን ወገቡ ላይ ቆረጥሽው!" ብለው ሳቁ። ፋይሉ አልከፈት ካለ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቁራጩ ሁልጊዜ መስመር ሲያልቅ ብቻ እንዲቆረጥ አስተካከልኩና እንደገና አስኬድኩት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሲመጡ አንድ አንድ ቁራጭ አነበብኩላቸው፤ የተሳሳተውን አረሙ፣ የረሱትን ጨመሩ። አልቆ ሲታተም ጥራዙን ተቀብለው አንዱን ገጽ ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

"ይቺን ቃል የነገረችኝ አንዲት የሮቢት ሴትዮ ናት" አሉ። "ነገ በመጀመሪያው መኪና ሄጄ አሳያታለሁ።"