በእትዬ ጥሩወርቅ ጣሪያ ላይ

ዛሬ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ጎሮ ወዳለው ቤታችን መጥተው አሸንዳ ጠረጉልን። የላካቸው ልጄ ዮናስ ነው፤ ከሥራ ቦታው ሆኖ በስልኩ አዘዛቸው። ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል። መሰላላቸው ተጣጥፎ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ደረቁን ቅጠል በሚነፋ ማሽን ያበንኑታል። አንደኛው ከላይ ሆኖ፣ «እማማ፣ እዚህ ላይ ጎመን ዘርተዋል እንዴ? በቅሏል እኮ!» አለኝ።

«ከደረሰ ቁረጥልኝ» አልኩት። ሳቁ።

ከዚያ የረጠበው ዝቃጭ ከላይ ተዝረክርኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ሽታውም መጣ። የበሰበሰ ቅጠል፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የወፍ ጎጆ፣ የአምና ዝናብ። ያን ሽታ አንድ ጊዜ የለመደ ሰው አይረሳውም። ወደ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሻይ ይፈልጉ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ብዙ ቆየሁ።

እኔና ባለቤቴ ሙላት ጎጆ የወጣነው በአሸንዳ ነው። ሙላት ቆርቆሮ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ የራሱን ሥራ ጀመረ። ያኔ አሸንዳ መጥረግን እንደ ሥራ የሚቆጥረው አልነበረም። ሰው አሸንዳ እንዳለው ትዝ የሚለው ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ውኃ ሲያይ ነው። ሙላት ግን ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በቦሌ ሰፈሮች ደጅ ለደጅ ይዞር ነበር። «ዝናቡ ሳይቀድማችሁ» ይላል። ሌላ ማስታወቂያ አልነበረንም።

መሰላል ያዧ እኔ ነበርኩ። መሰላሉ የባሕር ዛፍ ነው፤ ከባድ። ሌላው ዕቃችን የማዳበሪያ ጆንያ፣ የተዘጋ ቱቦ የምንወጋበት ቀጭን ፌሮ፣ ቀዳዳ የምንደፍንበት ሬንጅና ጨርቅ ነው። ዮናስ ሆዴ ውስጥ ነበር፤ ገና አያስታውቅብኝም። ከገርጂ እስከ ወሎ ሰፈር በእግራችን እንሄዳለን። መሰላል የሚያሳፍር ታክሲ የለም። አንድ ረዳት ባገኘን ቁጥር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እናንተ! በዚያ መሰላል መንግሥተ ሰማያት ልትገቡ ነው? ቦታ ያዙልኝ!» ይለን ነበር።

ሙላትም፣ «አንተን በበሩም አያስገቡህ!» ይለዋል።

ያን መንገድ እወደው ነበር። ከዳቦ ቤቶቹ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይወጣል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወሬያችንን እናቆማለን፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ደሀ ነበርን፤ ግን ደስተኞች ነበርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ጊዜ ደስታችንን እናውቀው ነበር።

ያ ቀን ግንቦት ውስጥ ነው። ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ ባለ አንድ ሰፈር ለሚኖሩ አንድ እናት ልንሠራ ቀጠሮ ይዘናል። እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ብሩክ ወታደር ሆኖ ጦር ሜዳ ነበር። ቀጠሮውን የያዘው ሙላት ነው፤ እኔ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። «በጠዋት ኑልኝ» ብለውታል። እሱም በጠዋት መሥራት ይወዳል፤ ቆርቆሮ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል።

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነበር። የነጠላዬ ጥለት እንዳይቆሽሽ ብዬ ወደ ላይ ገለበጥኩት፤ አንገቴ ጋ አደረግኩት። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን መሆኑ አልታሰበኝም። ሙላት ከብርዱ የተነሣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ቤቱ ስለጠፋብን አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አብረውን መጥተው አሳዩን። መሰላሉን አጥሩን አስደግፈን፣ ሦስታችን በሩ ላይ ቆመን አንኳኳን።

እትዬ ጥሩወርቅ ከፈቱ። አጭር፣ ቀላ ያሉ ሴት ናቸው። ሙላትን አዩት። ዘበኛውን አዩአቸው። ከዚያ የእኔን ነጠላ አዩት፤ ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

«ብሩኬን?» አሉ።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ሰብሰብ ብሎ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው የሚሄደው። ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የላከ ሰው ደጁ በማለዳ ሲንኳኳ ምን እንደሚያስብ እኔ ገና አላውቅም ነበር። እኛ ምን እንደመሰልን የገባኝ ከጮኹ በኋላ ነው። የበሩን ብረት እንደያዙ በጉልበታቸው ወረዱ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

«አሸንዳ!» አልኩ እኔም እየጮኽኩ። «እትዬ፣ አሸንዳ ልንጠርግ ነው! አሸንዳ!»

ሙላት ሮጦ መሰላሉን አመጣና ፊታቸው አቆመው። መሰላሉን አዩት፣ እሱን አዩት። ትንፋሻቸው ቀስ እያለ ተመለሰ። ከዚያ ሳቅ ያዛቸው። ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ ሳቁ።

«ገደላችሁኝ እኮ! አንተ፣ መሰላሉን አታስቀድምም ነበር?» ብለው የሙላትን ትከሻ መቱት። ዘበኛው፣ «እኔ ቤት ላሳይ ነው የመጣሁት፣ የለሁበትም» እያሉ ሄዱ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ተነሥተው በእጃቸው ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። «ጥለቱ ወደ ታች ልጄ። ይቆሽሽ። ይታጠባል» አሉኝ።

በዚያ ሰፈር አንዲት ሴት እንደዚያ ጮኻ ጎረቤት ሳይወጣ አይቀርም። ያን ጠዋት ግን አንድም ሰው አልመጣም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ወደ ውስጥ አስገብተው የብሩክን ክፍል አሳዩን። አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው አዲስ ነው። ከአልጋው ራስጌ በላይ ኮርኒሱ ውኃ ጠጥቶ ወደ ታች ጎብጧል።

«ለሰኔ ሚካኤል ፈቃድ ይሰጠዋል ብለውኛል» አሉ። «አምና ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ተንጠባጠበበት። እናቱ ቤት መጥቶ ባልዲ አጠገቡ ይተኛል? ሌላው ይቅር፤ የዚህን ክፍል ብቻ አድርቁልኝ።»

ሙላት ወጣ፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። አጠገቡ አንድ ትልቅ ጽድ አለ፤ አሸንዳው በጽድ ቅጠል ተጠቅጥቋል። ሙላት በእጁ እየዛቀ ወደ ጆንያው ይጨምራል። እትዬ ጥሩወርቅ ማዕድ ቤት ገብተው እንቁላል ይጠብሳሉ፤ በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም። የሽንኩርቱ ሽታ እስከ ውጭ ይመጣል።

ከላይ የሙላት እጅ ቆመ። አንድ ነገር እንዳየ ገባኝ። አጥሩን አሻግሮ የጎረቤቱን ግቢ ነው የሚያየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጥቂት ወረደና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«የሺ፣ የዕድር ድንኳን አለ።»

«የት?»

«እዚህ ጎረቤት። ድንኳኑም አግዳሚውም ግቢው ውስጥ ተደራርቧል። ሰዎቹ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ አንድም ድምፅ የለም። አንድ ሽማግሌ አዩኝና ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደዚህ ቤት አመለከቱ።»

መሰላሉን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ማዕድ ቤቱ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ።

«እንሂድ?» አለኝ ሙላት።

ልጅ እኮ ነበርኩ። «የልጃቸውን ክፍል ጨርስላቸው» አልኩት።

ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ የተለየ ነበር። ቀስ ብሎ ይዝቃል፣ በጨርቅ ይወለውላል፣ የወለወለውን እንደገና ይወለውላል። ቆርቆሮው ወለል እስኪመስል ጠረገው። ቸኩሎ መውረድ እንደከበደው አወቅሁ። እኔም ውረድ አላልኩትም።

ከክፍሉ በላይ ካለው ማዕዘን ላይ አንድ የካልሲ ኳስ አገኘ። በስብሶ ጠቁሯል። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ እንቁላሉን ይዘው ወጥተው ነበርና አዩት።

«ምን ያዝክ? አምጣ! የብሩኬ ነው እኮ!» አሉ። ሰሐኑን ለእኔ ሰጥተው ኳሱን ተቀበሉ። «ይህን ሊያወርድ ወጥቶ መውረድ አቃተው። ‹እማዬ ፈራሁ› ይላል ጣሪያው ላይ ሆኖ። አባቱ ሥራ ነው፣ መሰላል የለን። ምን ላድርግ? ምሳውን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አስሬ አቀበልኩት። በላ! ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እማዬ፣ ውኃስ?›»

ሳቁ። ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አፌ ብቻ ሳቀ። አጥሩ ወዲያ ያሉት ሰዎች ይህን ሳቅ እየሰሙ ቆመዋል። ኳሱን ቧንቧው ሥር አጥበው ለፀሐይ አሰጡት።

እንቁላሉን ብሉ አሉን። እምቢ ማለት አይቻልም። ጎርሼ መዋጥ አቃተኝ፤ እሳቸው ነፍሰ ጡር መሆኔን በዚያ አወቁ። ሆዴን ዳበስ አድርገው፣ «በሰላም ያገላግልሽ። እንደኔው ወንድ ይስጥሽ» አሉኝ።

አሜን አልኩ። ምን እላለሁ?

ዕቃችንን ይዘን ስንወጣ አንዲት ሴት ከታክሲ ወረደች፤ ከኮተቤ የመጣችው እህታቸው ናት። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። የጎረቤቱ በር ተከፈተና ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሽማግሌው ሙላትን ሲያልፉት ክንዱን ያዝ አደረጉት። በኋላ እንደሰማነው መርዶው ማታውን ለዕድሩ ደርሶ ነበር። ማለዳ ሊነግሯቸው ተሰብስበው እህታቸውን ሲጠብቁ ጩኸቱን ሰሙ። ማን ነገራት ብለው ደንግጠው አጥር ሥር ሲጠጉ ሳቃቸውን ሰሙ። ከዚያ በኋላ እህታቸው ሳትመጣ የሚገባ ደፋር ጠፋ።

ሰዎቹ ገቡ። እኛ መንገዱ ዳር መሰላላችንን ይዘን ቆምን። ጩኸቱን ጠበቅን። ሙላት ዓይኑን ጨፍኗል።

ጩኸት አልመጣም።

የእህታቸውን ለቅሶ ሰማሁ፣ የሴቶችን ሰማሁ። የእሳቸው ድምፅ ግን የለም። ደመናው ተመልሶ ነበርና ዝናብ ጀመረ። ውኃው በጠረግነው አሸንዳ ተንደርድሮ በቱቦው ወረደ። እንቅፋት የለበትም፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው። ያን ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን እሰማዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እየሄድን እንጠርግላቸው ነበር። ስለዚያ ቀን አንሥተውብን አያውቁም። የብሩክ ኮርኒስ ተለውጦ ነጭ ሆነ፤ ጠብታም አልገባበትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ዮናስ በእግሩ የሚሮጥ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ሙላት ጣሪያው ላይ ሲሠራ እኔ መሰላሉን ይዤ አጠገቤ ተቀመጡ።

«የዚያን ቀን ባልሽ ከላይ አይቷቸው ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«አንቺም አውቀሻል።»

«አዎ።»

ቁጣ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸው ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ነው። «ሳቅሁ እኮ» አሉ። «ልጄ መሬት ገብቶ፣ እኔ እዚህ ቆሜ ሳቅሁ። ለሰው ሁሉ ይቅር ብያለሁ። ለዚያች ሳቅ ግን ለራሴ ይቅር ማለት አቃተኝ።»

እኛ ደግነት የሠራን መስሎን ነበር። ይህን መንገድ ላይ ለሙላት ነገርኩት። ቤት ስንደርስ፣ «ብወርድስ ምን ይሻል ነበር?» አለኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። በጸሎቴ እናትና ልጅን አብሬ አነሣቸዋለሁ። ስለዚያች ሳቅ ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ ዛሬም አላውቅም። እግዚአብሔር እሱ ያውቃታል ብዬ አልፋታለሁ።

ልጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ሙላት ጓሮ ወጥቶ የእጅ ሥራቸውን ሲመረምር ቆየና፣ «ደህና ሠርተዋል» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። እኩለ ቀን ላይ ዮናስ ደወለ። መሥሪያ ቤት ስለገጠመው አንድ ነገር ሲነግረኝ ሳቅ አመለጠኝ። ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ መሐል ላይ ዝም አልኩ።

«እማዬ? አለሽ?» አለኝ።

ድምፁን ሰማሁት። ደህና ነው፤ በሕይወት አለ፤ እያወራኝ ነው።

«አለሁ» አልኩት። «ተመስገን። ቀጥል፣ ከዚያስ?»